ለሰርቪሱ ተራራ፣ ለነዳጁ ሜዳ፦ ለመኪና ሻጮች ከደሴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ይህ ደብዳቤ አዲስ አበባ ላይ አዲስ መኪና ለምትሸጡ፣ ዋስትና ለምትሰጡና «ሰርቪስ እኛ ጋ ካልሆነ ዋስትናው የለም» ለምትሉ ድርጅቶች ነው። ንግድ ቢሮም ቢያነበው አልጠላም። የገዛሁበትን ቤት ስም አልጠራም፣ ጣጣው የአንድ ቤት ብቻ አይደለማ። ደሴ ፒያሳ ላይም ሆነ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ብታናግሩ ወሬው አንድ ነው። የሚለያየው መኪናው አፍንጫ ላይ ያለው አርማ ነው።

ስትሸጡልን «በሊትር 20 ኪሎ ሜትር» አላችሁን። ብሮሹሩ ላይም በትልቁ ተጽፏል። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቡና አስመጣልኝና «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ቤንዚን አሽትታ ነው የምትሄደው» ብሎ አሳቀኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ እንደሆነ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ። «በጣም አሪፍ፣ ለእርስዎ የተሠራች ናት» አለ። ዛሬ መኪናዋ በሊትር 12 ትሄዳለች። ሲቀናት 13።

በ20 እና በ12 መካከል ያለው ቀልድ አይደለም። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በእናንተ ቁጥር 5 ሊትር ይበቃል፣ የእኔዋ ግን ከ8 ሊትር በላይ ትጠጣለች። ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ሲጀምር ዋጋው ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ። እኛ ጋ ደግሞ ዋጋው ብቻ አይደለም፣ ሰልፉም አለ፣ ማደያው ደርቆ በጀሪካን ከሚሸጥ ሰው ደጅ መቆምም አለ፣ እዚያ ደግሞ ቤንዚኑ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ የሚያውቀው ሻጩና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። ለእኛ አንድ ሊትር ማለት ብር ብቻ ሳይሆን ግማሽ ቀንም ነው።

ለመሆኑ ይህ 20 ከየት መጣ? ቁጥሩ ከኪስ የወጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መኪናው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሮለር ላይ ይቆማል። ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። አውሮፓ ለብዙ ዓመት ትሠራበት የነበረው ኤንኢዲሲ የሚባለው ፈተና 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ርቀቱ 11 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤሲ ጠፍቶ፣ ክፍሉ ሞቅ ብሎ፣ ጭነት ሳይኖር። ዳገት የሚባል ነገር የለውም። ቁጥሩ ከእውነተኛው መንገድ በጣም እንደራቀ ያዩት አውሮፓውያን ራሳቸው ናቸው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ደብልዩኤልቲፒ በሚባል ጠበቅ ባለ ፈተና መተካት ጀመሩ። እሱም ቢሆን ሮለር ላይ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለችውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ አያውቃትም።

ሐረጎን ላላያችኋት ደግሞ ልንገራችሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ከሥራ ስንመለስ በዚች አጭር መንገድ 650 ሜትር ያህል ሽቅብ እንወጣለን፤ ጠመዝማዛው አያልቅም፣ ከፊት ሲኖትራክ ጭስ እየተፋ ያዘግማል፣ ለመቅደም ቦታ የለም፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፣ ተመልሶ ሁለተኛ። የፊዚክስ መምህር የሆነ ወዳጄ ሶፍት ላይ አሰላልኝ። ሰውና ዕቃ ጨምሮ 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ከፍ ለማድረግ 7.6 ሚሊዮን ጁል ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 32 ሚሊዮን ጁል አለ፤ ግን ሞተር አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል፣ ሩቡ ጎማ ላይ ከደረሰ ጎበዝ ነው። እንግዲህ ዳገቱ ብቻውን፣ ሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከሚያስፈልገው ሌላ፣ አንድ ሊትር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ቤንዚን ይበላል። በብሮሹሩ ሂሳብ ከኮምቦልቻ ደሴ ሊትር ከሩብ ነው። በሐረጎ ሂሳብ ከ2 ሊትር በላይ። የሚኒባስ ሾፌሮቻችን ይህን ያለ ሶፍትና ያለ እስክሪብቶ ያውቁታል፤ ታሪፍ ላይ የሚጨቃጨቁት ወደው አይደለም።

ጠዋት ስትወርድ ታካክሰዋለህ የሚል አይጠፋም። ከፊሉ ይካካሳል፣ ከፊሉ ደግሞ የፍሬን ሸራ ላይ ይቃጠላል። (እግረ መንገዴን፦ ቤንዚን እንቆጥባለን ብላችሁ ሐረጎን በዜሮ ማርሽ የምትወርዱ ወንድሞች፣ በእናታችሁ ተዉ። የዛሬ ኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ እያለ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል። በዜሮ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል፣ ፍሬኑም ይግላል። ቁጠባም አይደለም፣ ለነፍስም አይሆንም።)

ከፍታውም አለ። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ደሴ ላይ ሲነሳ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን አጥቶ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሶ ማስጮህ ግድ ይላል። ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባም ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

እንግዲህ 12 መሄዷ አላናደደኝም። ያናደደኝ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ነው።

መጀመሪያ «አዲስ ሞተር ስለሆነ ነው፣ ሲፈታ ይቀንሳል» ተባልኩ። እሺ ብዬ ጠበቅኩ። ቀጥሎ «የክልል ቤንዚን ነው» አሉኝ፣ ደሴ የሚቀዳው ቤንዚን ከሌላ ፕላኔት የመጣ ይመስል፤ የአገሩ ነዳጅ ሁሉ ከውጭ ተገዝቶ የሚገባ መሆኑን እነሱም ያውቁታል። ከዚያ «አነዳድዎ ነው» መጣ። በመጨረሻ ኮምፒውተር ሰኩና «ምንም ፎልት የለም» ብለው ቁልፉን መለሱልኝ። ፎልት አለ መቼ አልኩ? የጠየቅኩት ሌላ ነው። መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች፣ ጎማዋ ልክ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ ላይ በሊትር ስንት ነው መጠበቅ ያለብኝ? 12 ጤና ነው ወይስ ሕመም? 15 መሄድ ነበረባት ወይ? ይህን የሚመልስ ሰው በዚያ ሁሉ መስታወት ውስጥ አጣሁ።

አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ልንገራችሁ። የሰርቪስ መመሪያው ውስጥ ለአስቸጋሪ ሁኔታ ተብሎ የተለየ ሠንጠረዥ አለ። ተራራማ መንገድ፣ አቧራ፣ ሞተር ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚነዳ ሰው ዘይትና ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ይቀይር ይላል። የሰርቪስ ተቀባያችሁ ደሴ እንደምኖር ስነግረው ቅጽበት አልፈጀበትም፣ ገጹን ገልጦ አሳየኝና 10 ሺህ የነበረውን ወደ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር አወረደው። ልክ ነው። አልተከራከርኩም። ግን እዚያው ጣሪያ ሥር፣ ከሁለት ጠረጴዛ ወዲያ፣ ስለ ነዳጁ ስጠይቅ ተራራው የት ገባ? ለሰርቪስ ክፍያ ሲሆን ተራራ ነን። ለነዳጅ ቃል ሲሆን ሜዳ ነን። እስቲ አንዱን ምረጡ።

ወደ 5 ሺሁ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚብሰው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ 800። በየ5 ሺሁ ኑ ስትሉን፣ ከ5 ሺሁ ውስጥ 800ው እናንተ ጋ መጥተን ለመመለስ የሚነዳ ነው። አገር አቋራጭ ላይ ደልቷት በሊትር 16 ብትሄድ እንኳ 50 ሊትር ቤንዚን አለቀ። 4 ሊትር ዘይት ለመቀየር 50 ሊትር ቤንዚን! ከኮምቦልቻ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላው ድረስ ወርዶ፣ እንደገና ጣርማበርን ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃን ብርዱን ተሻግሮ። ቀጠሮ ያዙ ትላላችሁ፣ ይዘን እንመጣለን፣ «ዛሬ ሞልቷል፣ ነገ በጠዋት ብቅ ይበሉ» ይባላል። አልጋውን ማን ይክፈል? የቀረውን የሥራ ቀንስ?

መንገዱም ቢሆን ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ዜና ትሰማላችሁ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄ መንገድ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ሲከፈት ነው የሄደው። ቆጣሪው ከተባለው ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። «ዋስትናዎ ተቋርጧል» አሉት። ሰውየው የሚኖረው እዚህ ነው፣ የሚነዳው እዚህ ነው፣ መንገዱን የዘጋው እሱ አይደለም። ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ ሲላቸው አልሰጡትም። በቃል የሚሰጥ፣ በቃል የሚነጠቅ ዋስትና ምን ዓይነት ዋስትና ነው?

እሺ፣ ይሄን ሁሉ ታግሰን መጣን እንበል። የሚሠራው ሥራስ? ከመጨረሻው ሰርቪስ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ «የአየር ፊልትሮ ተቀይሯል»፣ «የጎማ ንፋስ ተስተካክሏል» ተብሎ የራይት ምልክት ተደርጎበታል። ከፍዬበታለሁ። ደሴ ከተመለስኩ በኋላ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለ የሰፈራችን መካኒክ ለሌላ ጉዳይ ኮፈኑን ከፈተው። የፊልትሮውን ሳጥን ክሊፕ አንድ በአንድ አላቀቀ፣ ክዳኑን አነሳና ዝም ብሎ አየኝ። ፊልትሮው እጥፋቶቹ ድረስ ቡናማ አቧራ ጠግቧል። ሳጥኑ ውስጥ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጋድሟል፣ ሳይሰበር፣ ከነዘንጉ። ጋዜጣ አንጥፎ ፊልትሮውን መታ መታ ሲያደርገው ጋዜጣው ላይ ያለው ጽሑፍ አልታይ አለ። «ይሄን ነው ቀየርነው ያሉህ? ወላሂ፣ ይሄማ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ነው» አለኝ።

ጎማውንም ለካልን። በሩ ላይ የተለጠፈው 33 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) ይላል። ሦስቱ ጎማ 24፣ አንዱ 22። ደሴ ጠዋት ትበርዳለች፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማ ንፋስ በሁለት ነጥብ ያህል ሊቀንስ ይችላል፣ እሱን አውቃለሁ። ብርድ ግን 33ን 24 አያደርግም። ለፍትሕ ያህል ደግሞ ይህንንም ልበል፦ የታፈነ ፊልትሮ በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ላይ ይበልጥ የሚያጎድለው ጉልበት ነው፣ ቤንዚን የሚያስጠጣው የጎማው ንፋስ ነው። «አነዳድዎ ነው» ያለኝ ቤት ግን ሁለቱንም ሳይነካ ሁለቱንም ሠርቻለሁ ብሎ ፈርሟል።

ይሄ መካኒክ እጁ ወርቅ ነው። ሥራውን እናንተ ካስቀመጣችሁት ጎረምሳ ባልተናነሰ ይሠራዋል፣ ፊት ለፊቴም ነው የሚሠራው፣ የተቀየረውን ዕቃም እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል። ግን እሱ አንድ ቡሎን ከነካ እናንተ ዋስትናውን ትሰርዛላችሁ። ስለዚህ ቅጠሉን አንስተን ክዳኑን መለስነው።

ለወገኖቼ ለመኪና ባለቤቶች አንድ ነገር ልበል፣ ሻጮች ትንሽ ታገሱኝ። ስትከራከሩ በቁጥር ተከራከሩ። «ትጠጣለች» ማለት ብቻውን አያዋጣም፣ ወዲያው «እንዴት ለካኸው?» ይሏችኋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ ብዙ ጊዜ ለመኪናው ያደላል። መቅጃው ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪያቆም ሙሉ ቅዱ፣ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ፣ እንደወትሮው ንዱ፣ ከዚያ እዚያው ማደያ፣ እዚያው መቅጃ ላይ መልሳችሁ ሙሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ቀን በቀዳችሁት ሊትር አካፍሉ። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ደጋግሙት። ደሴ ኮምቦልቻን ለብቻ፣ አገር አቋራጩን ለብቻ ጻፉ። የቀዳችሁት በቴሌብር ከተከፈለ ማስረጃው ስልካችሁ ውስጥ አለ፣ አታጥፉት።

አሁን «ነዳጅማ አለፈበት፣ እኛ ኤሌክትሪክ ነው የምንሸጠው» ልትሉኝ ነው። ልክ ነው፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ታዲያ ያው አመል በሌላ ልብስ መጥቷል። «በአንድ ቻርጅ 400 ኪሎ ሜትር» ትላላችሁ። በየትኛው መለኪያ? የቻይናው ሲኤልቲሲ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለጋስ መለኪያ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ልክ 400 ነው ብሎ ተማምኖ የተነሳ ሰው ጣርማበር ላይ ላብ ያልበዋል። ሐረጎም አለች። 1,700 ኪሎ የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ያንን ዳገት ለመውጣት ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ማለት ነው። ሲወርድ ከፊሉን መልሶ ባትሪው ውስጥ ይከታል፣ እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ከቤንዚን ይበልጣል፣ አልክድም። ግን ማታ ደሴ ቤቱ 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል የሚወርድ ሰው ባትሪው ጢም ብሎ ስለሚነሳ የሚመለሰው ጉልበት መግቢያ የለውም፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። 85 ወይም 90 ላይ አቁሙ ብሎ ለደሴ ገዢ የነገረ ሻጭ አለ? የገዙ ጎረቤቶቼን ጠየቅኩ። ማንም አልነገራቸውም። ለሰርቪስ የሚሄዱትም ያው አዲስ አበባ ነው፣ ያውም መንገድ ላይ የት ቻርጅ እንደሚያደርጉ እያሰሉ።

እንግዲህ የምንፈልገው ይህ ነው። የምትጠሩትን ቁጥር በየትኛው ፈተና እንደተገኘ አብራችሁ ጻፉ፣ በአማርኛ፣ ከቁጥሩ እኩል በሆነ ፊደል። አንድ መኪና አዲስ አበባ ከተማ ውስጥና አንድ ዳገታማ መንገድ ላይ ነድታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር ጨምሩበት፤ ለእናንተ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። 813/2006 የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ንግድ ቢሮ ይህን ለማስከበር ማመልከቻ እስኪጎርፍለት አይጠብቅ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ ጋራዥ ፈቃድ ስጡ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት፣ ደረቅ ወደብ ያለባት ከተማ ናት፣ ዘይት የሚቀይር ሰው አታጣም። እሱም ካልሆነላችሁ በወር አንድ ቀን ቴክኒሻን ላኩ፣ ቀጠሮ ይዘን እንሰለፋለን፣ ሰልፍ እንደሆነ ለምደናል። የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ ይሰጥ። መንገድ ሲዘጋ ያለፈ ኪሎ ሜትር ዋስትና አያሰርዝ፣ ዋስትና የሚሰረዝ ከሆነም ምክንያቱ ተጽፎና ተፈርሞ ይሰጠን።

ቁጥሬን ለሚጠራጠር ደግሞ አንድ መሐንዲሳችሁን ላኩልኝ። ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ እንቅዳ፣ መሪውን እሱ ይያዝ፣ እኔ ጎን ተቀምጬ ትንፍሽ አልልም፣ አነዳድ የሚሉት ነገር እንዳይነሳ። ወጥተን፣ ወርደን፣ እዚያው ማደያ መልሰን እንቅዳና ያገኘነውን ሁለታችንም እንፈርምበት። የቤንዚኑን ሂሳብ እኔ እችላለሁ። ሰልፉን ግን አብረን ነው የምንሰለፈው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የደሴ መኪና ባለቤት